ምላጩን የመለሰችው እንጉዳይ

የዋንዛ ውሃ ሰው ሳይበተን፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ዱር ገና ሳይመነጠር፣ እኛ ቀርቶ አያቶቻችን እንኳ ሳይታሰቡ፣ በወገራ አገር በዋንዛ ውሃ መንደር እንጉዳይ የምትባል አንዲት ሴት ነበረች አሉ። ዛሬ በሕይወት ካለው ሰው ያያት የለም። ያዩዋትን ያየም የለም። ስሟ ግን እዚህ ደርሷል። ስም ደግሞ ያለ ምክንያት ይህን ያህል መንገድ አይሄድም።

እንጉዳይ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ቀድሟት ሞቷል፤ ልጅም አልወለደችም። ቤቷ ከመንደሩ ጠርዝ ነው፣ ጭቃ ከምትቆፍርበት ጉድጓድ አጠገብ። ዝምተኛ ናት። ሌላው ሰው ብዙ ሲናገር እሷ አንድ ቃል ትናገራለች፤ እሱንም እጇን እያየች። ገንቦ ትሠራለች፣ ድስት ትሠራለች፣ ጋን ትሠራለች። ከዚህ ሌላ ደግሞ አንድ ሥራ ነበራት። የመንደሩን ወንዶች ልጆች የምትገርዝ እሷ ነበረች።

በዚያ ዘመን የቤተ እስራኤል ሴት ስትወልድ መንደር ውስጥ አትቀመጥም። ከመንደሩ ወጣ ብሎ የአራስ ጎጆ አለ፤ ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሮበታል። አራሷና ልጇ ከድንጋዩ ወዲያ ናቸው፤ ሌላው ሰው ከድንጋዩ ወዲህ ነው። ምግብ እንኳ ድንጋዩ ላይ ይቀመጥላታል እንጂ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጣትም። ድንጋዩን አልፎ አራስ የነካ ሰው ልብሱን ያጥባል፣ ገላውን ወንዝ ውስጥ ይነክራል፣ ፀሐይ ካልጠለቀች ወደ ቤቱ አይገባም። ኦሪት እንዲህ ያዛል፤ እነሱም እንዲህ ይኖራሉ።

ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዝ ያለውም ያው ኦሪት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ድንጋዩን ማለፍ አለበት። ቄሱ አያልፉም፤ የእሳቸው እጅ መሥዋዕት የሚያቀርብ እጅ ነው። አባትዬውም አያልፍም። የምታልፈው እንጉዳይ ነበረች። ትገባለች፤ ትገርዛለች፤ ወጥታ ወንዝ ትወርዳለች። ከሰው ተለይታ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጀምበር እስክትጠልቅ ትጠብቃለች። ልጅ በበዛበት ዓመት ከቤቷ ይልቅ ወንዝ ዳር ትውላለች።

ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ ያዩዋትና ይቀልዱባት ነበር።

«እንጉዳይ እኮ ዓሣ ሆነች። እንግዲህ ክንፏን ነው የምንጠብቅ።»

«ዓሣማ ብሆን መች ታስቀሩኝ ነበር» ትላለች እሷ። «ጠብሳችሁ ትበሉኝ ነበር።»



ግርዛት በሆነ ቁጥር ቄስ ምናሴ ከድንጋዩ ራቅ ብለው ይቆማሉ። ከመባረካቸው በፊት ለአባትዬው ሁልጊዜ ያንኑ ቃል ይነግሩታል።

«እግዚአብሔር ብረት ያለበትን አፈር ፈጠረ፤ ማረሻ አልፈጠረም። ጭቃ ፈጠረ፤ ገንቦ አልፈጠረም። ለሰው እጅ ሥራ ተወለት። ሰውንም ሲፈጥር እንዲሁ ትንሽ አስቀርቶ፣ ‹ይህን ደግሞ እናንተ ጨርሱት› አለ። ልጅህ ሲወለድ ተፈጠረ፤ ዛሬ ደግሞ ተጠራ።»

ስለ ምን በስምንተኛው ቀን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ አባት ካለም ይመልሱለታል።

«ልጅ በማናቸውም ቀን ቢወለድ፣ ስምንት ሳይሞላው ሰንበት ትመጣለታለች። ንጉሥ ዘንድ የሚገባ እንግዳ አስቀድሞ እቴጌይቱን እጅ ይነሳል። ልጁም አስቀድሞ ሰንበትን ይሳለማል፤ ከዚያ ወደ ኪዳኑ ይገባል።»

እንጉዳይ ይህን ቃል ከድንጋዩ ውስጥ ሆና ትሰማዋለች። ስንት ጊዜ እንደሰማችው አታውቅም። አልሰለቻትም። ምላጩን ስታነሳ የምታስበው፣ በእጇ የያዘችው ልጅ እቴጌ አይቶ የመጣ እንግዳ መሆኑን ነበር አሉ።

በመንደሩ ፈንታ የሚባል ቀጥቃጭ ነበር። ያንን የመግረዣ ምላጭ የሠራው እሱ ነው። ትርንጎ የምትባል ልጅ አገባ። ትርንጎ ወንድ ወለደች። ስምንተኛው ቀን ደረሰ። ሰው ተሰበሰበ፤ ቄስ ምናሴ ቆሙ፤ እንጉዳይ ድንጋዩን አለፈች። እንደ ሁልጊዜው አደረገች። እጇ አልሳተም።

ደሙ ግን አልቆመም። በጨርቅ አሰረችው፤ አልቆመም። የምታውቀውን ቅጠል ሁሉ አደረገችበት፤ አልቆመም። ልጁ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደና በእናቱ እቅፍ ሞተ።

እንጉዳይ ወንዝ ወረደች። ገላዋን ነከረች። ፀሐይ ጠለቀች። ወደ ቤቷ ገባች።

መንደሩ ጥፋት መፈለግ ጀመረ። የፈንታ እናት እማማ ድንቄ አንደበተ ስለታም ሴት ነበሩ።

«እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው» አሉ። «ምላጩ ንጹሕ አልነበረም።»

ፈንታ አሰበ። ምላጩን በሳለበት ቀን ለገበያ ሰው ማጭድ ሸጦ ነበር። የዋንዛ ውሃ ሰዎች ባዕድ ከነኩ ሳይታጠቡ ምንም አይነኩም። ሰውዬው ማጭዱን ሲቀበል እጁን ነክቶት ይሆን? አላስታወሰም። አለማስታወሱ እንደ ጥፋት ሆነበት። ምላጩን ሰብሮ ቀበረው።

ትርንጎ ሁለተኛ ፀነሰች። ወንድ ወለደች። አሁን መንደሩ ሁሉ ተጠነቀቀ። ፈንታ ወንዝ ወርዶ ታጠበ፣ ጾመ፣ ማንም ያልነካውን ብረት አቅልጦ አዲስ ምላጭ ሠራ። ለባዕድ ምንም አልሸጠም። እንጉዳይም ሳምንቱን በሙሉ ከሰው ሳትነካካ ቆየች፤ ጠዋት ታጠበች፣ ማታ ታጠበች። እማማ ድንቄ መንገዱን እንኳ አስጠረጉ። ስምንተኛው ቀን ደረሰ። ሰው ተሰበሰበ፤ ቄስ ምናሴ ቆሙ፤ እንጉዳይ ድንጋዩን አለፈች። እንደ ሁልጊዜው አደረገች። እጇ አልሳተም።

ደሙ አልቆመም። ሁለተኛውም ሞተ።

ያን ቀን እንጉዳይ ወንዝ አልወረደችም። ከትርንጎ ጋር ድንጋዩ ውስጥ ቀረች። ሌላ ሰው ሊገባ አይችልም፤ እሷ ግን ቀድሞም ገብታለች። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትርንጎ ጡቷ ወተት ሞልቶ ያማት ነበር። ኋላ ትርንጎ ተናገረች።

«እትዬ እንጉዳይ፣ የእናቴም ወንድም እንዲህ ሆኖ ነው አሉ የሞተው። የአክስቴም ልጅ እንዲሁ ነው።»

እንጉዳይ ከእጇ ቀና አለች።

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች ትርንጎ።

እንጉዳይ ልጅ ከእናቱ እቅፍ ስትቀበል፣ ስትገርዝ፣ እናትየዋን ምንም ጠይቃ አታውቅም። ማንም ጠይቆ አያውቅም። ምላጩን ይጠይቃሉ፣ ውሃውን ይጠይቃሉ፣ ገበያውን ይጠይቃሉ።

ዓመታት አለፉ። ትርንጎ ሦስተኛ ፀነሰች። ሴት በሆነች ብላ የጸለየችው እሷ ብቻ አይደለችም ይባላል። ወንድ ወለደች።

ስምንተኛው ቀን ደረሰ። ሰው ተሰበሰበ፤ ቄስ ምናሴ ቆሙ፤ እንጉዳይ ድንጋዩን አለፈች። ልጁን አየችው። ከነወዙ፣ ከነጉንጩ ደህና ልጅ ነው። ፊተኞቹም ደህና ነበሩ። ከመሶቧ ምላጩን አወጣች። ተመልሳ ወደ ድንጋዩ ዳር መጣችና ምላጩን በፈንታ ፊት ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችው።

«ትዕዛዙ የአባት ነው» አለችው። «እኔ እስከ ዛሬ እጅህ ነበርሁ። ዛሬ እጅህ አልሆንም።»

ሰው ተንጫጫ። እማማ ድንቄ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸረጡና ወደፊት መጡ።

«ምን ማለትሽ ነው? የልጄን ልጅ ከአብርሃም ቤት ልታስወጪው? ያልተገረዘች ነፍስ ከሕዝቧ ተለይታ ትጥፋ ያለውን አልሰማሽም? አዬ! ያልወለደች ሴት ስለ ልጅ ትመክራለች! ሂጂና ጭቃሽን ምከሪ!»

 ያ ንግግር የእንጉዳይን ልብ አቁስሏል፤ ግን ያን ቀን የቆመችው ስለ ራሷ አልነበረም።

ፈንታ ምላጩን አነሳ። ከዚያ በዋንዛ ውሃ ማንም አባት ያላደረገውን አደረገ። ድንጋዩን አለፈ።  ልጁ ዘንድ ተንበረከከ። ትርንጎ አልከለከለችውም፤ ዓይኗን ብቻ ጨፈነች።

«ሁለት ልጅ ለዚህ ኪዳን ሰጥቻለሁ» አለ ፈንታ። «ሦስተኛውን ብነፍግ ፊተኞቹ በከንቱ ሞቱ ማለት ነው።»

«አብርሃም በልጁ ላይ ካራውን ያነሳው በጌታ ትዕዛዝ ነው» አለች እንጉዳይ። «ያወረደውም በዚያው ጌታ ትዕዛዝ ነው።»

«እሱን መልአክ ጠራው። እኔን ማን ጠራኝ?»

«ሁለት ጊዜ ጠርቶሃል፣ ፈንታ። አልሰማህም። እኔም አልሰማሁም።»

ፈንታ ምላጩን እንደያዘ ቆየ። ልጁ እግሩን አወራጨ። ፈንታ ምላጩን ከሥሩ መሬት ላይ አኖረውና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ኃጢአት ከሆነስ?» አለ ከእጁ ውስጥ።

«ያልገረዝሁት እኔ ነኝ፤ ኃጢአቱም የኔ ይሁን።»

አሁን ሰው ሁሉ ወደ ቄስ ምናሴ ዞረ። ልጅ ስም የሚወጣለት በግርዛቱ ጊዜ ነው። ላልተገረዘ ልጅ ስም ይወጣል?  እሳቸውም እነዚያን ሁለት ልጆች በዚያው ቦታ ቆመው የባረኩ፣ በማግስቱም የቀበሩ ሰው ናቸው። ኋላ እንዲህ አሉ።

«ከግብፅ የወጡት ተገርዘው ነበር። በምድረ በዳ የተወለዱት ግን እስከ ኢያሱ ዘመን ድረስ አልተገረዙም፤ በመንገድ ነበሩና። ደመናው ከላያቸው አልተነሳም። መናውም አልቀረባቸውም። ‹እናንተ ምልክት የላችሁም› ተብሎ በምድረ በዳ የተጣለ ልጅ በኦሪት ውስጥ አላየሁም።»

«እንግዲህ ትዕዛዙ ተሻረ በሉና!» አሉ እማማ ድንቄ።

«አልተሻረም። ቆየ። የተሻረና የቆየ አንድ አይደለም፣ ድንቄ። ይህ ልጅ ምድረ በዳ ላይ ነው።»

ስሙንም ማረው አሉት።

ማረው አደገ። ምድረ በዳ ላይ ነው የተባለው ቃል ግን አብሮት አደገ። እሾህ ከጫረው ደሙ ሲንጠባጠብ ይውላል። ከወደቀ ጉልበቱ አብጦ ለቀናት አይሄድም። ከአባቱ ብረት አራቁት፤ ሽመና አስተማሩት። ስለታም ነገር በእጁ አይሰጡትም። የሠራውን ጥለት እንኳ ክሩን የሚቆርጥለት ሌላ ሰው ነበር።

በፋሲካ ነገሩ ይበልጥ ይታወቃል። ያልተገረዘ ሁሉ ከበጉ አይብላ ይላል ኦሪት። በጉ ይታረዳል፣ ይጠበሳል፣ መንደሩ በጸሎት ቤቱ ግቢ ተሰብስቦ እየተቻኮለ ይበላል። ማረው ከአጥሩ ውጭ ቂጣ ይዞ ይቀመጣል። ገና ከእናቱ ቀሚስ ተለይቶ ለብቻው በተቀመጠበት በመጀመሪያው ፋሲካ፣ እንጉዳይ ድርሻዋን ሳትቀበል ቂጣዋን ይዛ ወጣችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«እማማ እንጉዳይ፣ አንቺ ሥጋ አትበይም?»

«ጥርሴ አይችልም።»

«ትናንትና ቆሎ ስትቆረጥሚ አይቼሻለሁ።»

«ትናንትና ጥርሴ ደህና ነበረ።»

ልጁ ሳቀ። በሚቀጥለውም ፋሲካ ወጣች። ከዚያም በሚቀጥለው። ቄስ ምናሴ አንድ ቀን ጠሯትና፣ «አንቺ ንጹሕ ነሽ፤ መብላት ትዕዛዝሽ ነው፤ ስለ ምን ትተዪዋለሽ?» አሏት።

«አባ፣ ውጭ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ውጭ ብቻውን አልተወውም» አለች።

ቄስ ምናሴ ተዉዋት።

ማረው በሰንበት ኦሪት ሲነበብ ከበሩ ሆኖ ይሰማል። አንድ ሰንበት፣ የልባችሁን ሸለፈት ግረዙ የሚለው ተነበበ። ማረው ሲወጡ ጠብቆ ቄሱን ጠየቀ።

«አባ፣ ይሄኛው ደም አለው?»

«የለውም» አሉት። «ግን ከዚያኛው ይልቅ ያማል፤ ደግሞም በአንድ ቀን አያልቅም።»

ማረው ይህን ይዞ ሄደ። ሲሰድቡት ዝም ይላል። የበደለውን ሰው ለዓመት በዓል ቀድሞ ሄዶ ይስመዋል። ሰው መጀመሪያ ፈሪ ነው አለ፤ ኋላ ሌላ ነገር መሆኑን አወቀ። ስንዱ የምትባል ልጅን አባቷ ዳሩለት። አባቷን፣ «ላልተገረዘ ልጅህን ትድራለህ?» ያሏቸው ነበሩ። «የተገረዙትን አየኋቸው እኮ» አሉ አሉ እሳቸው።

ስንዱ ወንድ ልጅ ወለደች።

እነሆ፣ ለእንጉዳይ ከባዱ ቀን ይህ ነበር ይባላል። ያን ጊዜ አርጅታለች። ጀርባዋ ጎብጧል፤ እጇ ግን ጭቃ ስለማይለየው አልተንቀጠቀጠም። የዋንዛ ውሃ ሰውም ተለውጧል። እማማ ድንቄ ሞተዋል። ትርንጎና ፈንታ ሸምግለዋል። ድሮ ይገረዝ ብሎ የጮኸው መንደር ዛሬ ይቆይ ይላል። ሰው ተሰበሰበ፤ ቄስ ምናሴ በሰው ተደግፈው ቆሙ። ሁሉም፣ እንጉዳይ ምላጩን እንደዚያን ጊዜው ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ እንድትመለስ ይጠብቃል።

ከሁሉ በፊት የተናገረው ማረው ነው።

«እማማ፣ አትንኪው። እንደ እኔ ይሁን። እኔ ይኸው ቆሜያለሁ።»

እንጉዳይ አየችው። ያቆየችው ልጅ ነው። እሱን ባታቆየው ዛሬ የሚለምናት አይኖርም ነበር። ደግሞ አሁን ምክንያት ሳታገኝ ብታቆይ፣ የእሱ ልጅ ከአጥር ውጭ ይቀመጣል፤ የልጁም ልጅ። ምድረ በዳው አገር ይሆናል። ብትገርዝና ደሙ ባይቆምስ? ሁለቱን ሕፃናት ክብደታቸውን እንኳ አልረሳችም።

ድንጋዩን አለፈች። ስንዱ ልጁን አቅፋ በጎጆው ደጅ ተቀምጣለች። እንጉዳይ ምላጩን አላወጣችም። ቁጢጥ አለችና ጠየቀቻት።

«አየሽው?»

«ምኑን?»

«ልጁን። ከተወለደ ጀምሮ ካንቺ በቀር ቀን ከሌት ያየው የለም። እኔ የመጣሁት ዛሬ ነው። ምን አየሽ?»

ስንዱ ልጁን ተመለከተች። ከዚያ ወደ ባሏ ተመለከተች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች።

«በሰንበት ጉንጩን በጥፍሩ ጫረ። ደም ወጣው። ነፍሴ ወጣች። ጨርቅ ፍለጋ ዞር ብዬ ስመለስ ደርቆ አገኘሁት።»

«በርግጥ ደርቆ?»

«እማማ፣ እኔ የማን ሚስት ነኝ? ጭረት ምን እንደሚያደርግ ለኔ ይነገረኛል? የማረውን ደም ሌሊቱን ሙሉ በጨርቅ ስይዝ ኖሬያለሁ። ይሄ የአባቱ ደም አይደለም።»

«ወንድሞችሽስ? የእናትሽ ወንድሞች?»

«ሁሉም ተገርዘዋል። ሁሉም ደህና ናቸው። ለገበያ ስታዪያቸው የለም እንዴ፣ እንደ በሬ!»

እንጉዳይ የልጁን ጉንጭ ወደ ብርሃን አዞረች። ክር የመሰለች ቡናማ መስመር ነበረች፤ ልትረግፍ የቀረበች። በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት። ተነሳች። ወደ ድንጋዩ ዳር መጥታ ምላጩን በማረው ፊት አኖረችው።

«ላንተ እንቢ ያልሁት አይቼ ነው» አለችው። «ለዚህ እሺ የምለውም አይቼ ነው። እናቱ አይታዋለች። ትዕዛዙ ግን የአባት ነው፤ አንተ ካልሰጠኸኝ አልነካውም።»

«እኔ ወዳልገባሁበት ቤት ልጄን እንዴት አስገባዋለሁ?»

ቄስ ምናሴ ከሩቅ ሰሙት። ያረጀ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«ማረው! ከምድረ በዳ ወደ አገሩ ልጅ ይዞ የሚሻገር፣ በምድረ በዳ የኖረ ሰው ነው። ሌላ ማን ይሻገራል?»

ማረው ምላጩን አየው። በዕድሜው ሙሉ ስለት በእጁ ይዞ አያውቅም። እናቱ ትርንጎ ከሰው መሀል፣ «ልጄ!» አለች። ማረው ጎንበስ አለና ምላጩን አነሳ። ምላጭ ለሰው ሲሰጥ እጀታው ወደ ተቀባዩ ነው። ማረው እንደ ደንቡ እጀታውን ወደ እንጉዳይ፣ ስለቱን ወደ ራሱ አዞረ። ስለቱ በመዳፉ ላይ ተጋደመ። ትንሽ ቢንሸራተት፣ ትንሽ ቢደናገጥ፣ ያ ደም የሚቆምለት አልነበረም።  እንጉዳይ እጀታውን ያዘችና ላባ እንደምታነሳ ከመዳፉ ላይ አነሳችው።

መዳፉ ንጹሕ ነበር።

ገባች። እንደ ሁልጊዜው አደረገች። እጇ አልሳተም። ልጁ ጮኸ። ሰው ሁሉ ጩኸቱን ትቶ ደሙን ይጠብቃል። እንጉዳይ በጨርቅ ያዘችው፣ ጠበቀች፣ ገለጥ አድርጋ አየች። ደግማ ያዘችው፣ ደግማ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ስንዱን፣ «አጥቢው» አለቻት።

ደሙ ቆሟል።

ቄስ ምናሴ ባረኩ። ልጁንም አዛናው አሉት። ባርከው ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረው ባረኩ። የደገፋቸው ሰው አርጅተው የዘነጉ መስሎት፣ «አባ፣ ባርከዋል እኮ» አላቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «የገቡት ሁለት ናቸው።»

ማረው እስከ ዕለተ ሞቱ ከፋሲካው በግ አልበላም። ሕግ ሕግ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ከአብርሃም ቤት ውጭ ነው ያለው ሰው አልነበረም።

እንጉዳይ በሚቀጥለው ክረምት ሞተች። ትርንጎና ስንዱ አጠቧት። ለሌላ ሰው የሚተርፍ ንብረት አልነበራትም። ዛሬ ዋንዛ ውሃ የእኛ ሰው የለበትም። የአራስ ጎጆው ፈርሷል፤ የድንጋዩ ክብም የማን አጥር እንደሆነ አይታወቅም። የዚያ መንደር ዘሮች ባሉበት አገር ልጅ የሚገርዘው ጓንት ያጠለቀ ባለሙያ ነው፤ አዳራሹም መብራት በመብራት ነው። ይሁን እንጂ በእነሱ ዘንድ ግርዛት እንዲሁ አይጀመርም። ከአሮጊቶቹ አንዷ ተነስታ ወደ እናትዬዋ ትሄዳለች።

«አየሽው?» ትላታለች።

እናትዬዋ ካልመለሰች ማንም አይነካውም። ባለሙያው ሰዓቱን ቢያይ ይቆያል፤ ዘመድ ቢያጉረመርም ይቆያል። ቸኩሎ የሚያቻኩል ካለ፣ «ቀኑን ቁጠር፣ ልጁን እይ» ይሉታል። እናትዬዋ ልጇን ገልጣ ታያለች። አንዳንዷ ቶሎ ትመልሳለች፤ አንዳንዷ ደግሞ ብዙ ትቆያለች።

«አይቼዋለሁ» ትላለች ኋላ።

ያን ጊዜ አባትዬው ምላጩን ያነሳል፤ ስለቱን ወደ ራሱ መዳፍ አዙሮ ያቀብላል።